ስለ ቱርቦ መኪናና ስለ ቤንዚን
(በወሩ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም በአንድ ጎረቤታችን ላይ የደረሰው ነገር ስላሳዘነኝ፣ ጋራዥ ለጋራዥ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ ቆሜአለሁ። ስሙ እንዳይነሳ ለምኖኝ፣ «ታሪኩን ግን ንገርልኝ» ብሎኛል።

ይኸ ወንድማችን ተበድሮ ቱርቦ ያላት የቤንዚን መኪና ገዛ፤ በሷም ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን የማደያው ሰልፍ ቢመረው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝቶ ሞላ። አቀበት ላይ ሞተሩ በቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንኳኳ ጀመር። «ይተወዋል» ብሎ ነዳት። ኋላ ሞተሩ ሲፈታ አንዱ ፒስተን ተበስቶ ተገኘ። መኪናዋ ቆማለች፤ ዕዳው ግን አልቆመም።

ለመሆኑ ኦክቴን ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የቤንዚን ጉልበት ይመስለናል። አይደለም። ቤንዚን ሲጨመቅና ሲሞቅ በራሱ እንዳይፈነዳ ያለው የመቻል አቅም መለኪያ ነው። አይሶኦክቴን የሚባለው ፈሳሽ 100፣ ሄፕቴን የሚባለው 0 ተሰጥቷቸዋል። 91 የተባለ ቤንዚን፣ ከመቶ 91 እጁ አይሶኦክቴን 9 እጁ ሄፕቴን የሆነ ድብልቅ የሚችለውን ያህል ይችላል ማለት ነው።

ቱርቦ ደግሞ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጭቅ ነው። አየር ሲታጨቅ ይሞቃል። ኦክቴኑ ካነሰ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ገና ሳይደርስበት የቀረው ቤንዚን በራሱ ፈንድቶ ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። የምንሰማው ማንኳኳት ይኸው ነው።

«አዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ቱርቦ ለሌለው መኪና እውነትነት አለው። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር ራሱ ስለሚሞላ በከፍታው አንመካ።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የወጣችው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ቱርቦ ስለነበራት፣ ማንኳኳቱን ለመከላከል ውሃና ሜታኖል የሚሞላበት ለብቻው ዕቃ ተደርጎላት ነበር። የዛሬ መኪኖች ማንኳኳቱን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው፤ ሲሰማም ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ ያዘገያል። ያን ጊዜ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፤ ቤንዚንም ትበላለች። ሴንሰሩ ግን ሁሉን አይችልም።

ስለዚህ የሚከተለውን አደራ እላለሁ።

1ኛ/ የቤንዚን ማስገቢያውን ክዳንና የመኪናዋን መጽሐፍ አንብቡ። አሜሪካኖች የሚለኩት በሌላ መንገድ ነው፤ የእነሱ 87 በሌላው አገር አለካክ ወደ 91 ይጠጋል።

2ኛ/ «ይመከራል» እና «ግዴታ ነው» ይለያያሉ። ግዴታ ከሆነ ዝቅተኛውን አትሙሉ። የሚመከር ብቻ ከሆነና ሌላ ካጣችሁ፣ ጭነት አታብዙ፤ አቀበት ላይ ሞተሩን እያስጨነቃችሁ አትንዱ። ካንኳኳ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፤ ካልተወው ቁሙና መካኒክ ጥሩ።

3ኛ/ የመንገድ ዳር ጀሪካን ይቅርባችሁ። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ በጣም ይወርዳል፤ በዓይን አይታወቅም።

4ኛ/ ቤንዚን ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ይደርሳል። ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው፤ የአንዱ እሳት የሁላችንም ነው።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ በኦክቴን አትጨነቁ፤ እሱ የቤንዚን ጉዳይ ነው።

ያልገባችሁ ካለ ጠይቁኝ፤ የማላውቀውን ከመካኒክ ጠይቄ በሚመጣው ስብሰባ እመልሳለሁ።