ግንቡን ያፈረሰው ዝናብ አይደለም



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ መንገድ ታሪክ ነው። በስኮትላንድ ደጋ፣ ከኢንቨርነስ ከተማ ተነስቶ የኔስን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ምዕራቡ ባሕር ይወርዳል። እኔ በሄድኩበት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ። አንዴ ካፊያ፣ አንዴ ዶፍ፤ ተራራው በጉም ተሸፍኖ፣ የመኪናው ዝናብ መጥረጊያ ሳያርፍ ዋለ።

ዝናቡ የአገሩ ጠባይ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የምዕራቡን ተራራ ሲገጥም የያዘውን እዚያው ያራግፋል፤ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ተራሮች አሉ። ጥንት የበረዶ ግግር ቦርቡሮ የተወውን ሸለቆ ውሃ ሞላው። ነዋሪው ሎክ ይለዋል። ሐይቁም፣ ወደ የብስ የገባው የባሕር ክንድም ሎክ ነው። ሎክ ኔስ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ 230 ሜትር ይደርሳል። ውሃውን በእፍኜ ዘግኜ አየሁት፤ የቀጭን ሻይ መልክ አለው። በዙሪያው ካለው ረግረግ የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር እየታጠበ ስለሚገባበት ነው። በ1933 የተነሳው የአውሬ ወሬ ሐይቁን በዓለም አስጠራው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እኔን የያዘኝ ግን ዳር ላይ ያለው ድንጋይ ነው።

የኧርከርት ግንብ ወደ ውሃው በገባ ቋጥኝ ላይ ቆሟል። በበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ የግድግዳ ቁራጭ ወድቋል፤ ድንጋዩ ከኖራው ሳይላቀቅ፣ እንዳለ። በዕድሜ የሚፈርስ ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ እየተናደ ነው የሚያልቀው። ይህ ግን ባሩድ የወረወረው ነው። በ1688 ንጉሥ ጀምስ ዙፋኑን ሲያጣ ደጋፊዎቹ፣ ጃኮባይት የሚባሉት፣ ጦር አነሱ። ግንቡን ይጠብቁ የነበሩት የመንግሥት ወታደሮች በ1692 ለቀው ሲወጡ፣ ጠላት እንዳይገባበት ብለው በሩን በባሩድ አፈነዱት። ነፋስና ዝናብ የገባበት ከዚያ ወዲያ ነው፤ የአካባቢው ሰውም ድንጋዩን እያነሳ ወሰደ።

የደጋው የጦር መንገዶችም ከዚሁ ጦርነት ነው የተወለዱት። ጄኔራል ጆርጅ ዌድ በ1724 ወደ ደጋው ሲላክ መድፍ የሚያሳልፍ ጎዳና አልነበረም። ወታደሮቹን ድንጋይ አስፈልጦ፣ ጠጠር አስነጥፎ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና 40 የሚሆኑ ድልድዮች አሠራ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ያመጸ ጎሳ ዘንድ ጦር ቶሎ እንዲደርስ። ነገር ግን መንገድ ባለቤት አይመርጥም። በ1745 የጃኮባይቶቹ መሪ ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ሠራዊቱን ይዞ የኮሪያሪክን የተራራ መተላለፊያ ያቋረጠው፣ ዌድ በ1731 ባስጠረገው መንገድ ነው። በዓመቱ ልዑሉ ከለደን በተባለ ስፍራ ተሸነፈ። የመንግሥት ጦርም የግሌንጋሪ ማክዶኔል ጎሳን ግንብ ኢንቨርጋሪን አቃጠለ። ዛሬ ጣሪያ አልባ ግድግዳው በሎክ ኦይክ ዳር ዝናብ ይጠጣል።

ወደ ምዕራብ ስንወርድ፣ ሦስት የባሕር ሎኮች በሚገናኙበት ደሴት ላይ ኢለን ዶነን የተባለ ግንብ አለ። በ1719 ጃኮባይቶችን ሊረዱ የመጡ ስፔናውያን ባሩዳቸውን እዚያ አከማችተው ነበር። ሦስት የብሪታንያ መንግሥት የጦር መርከቦች መጥተው በመድፍ ደበደቡት። ወፍራሙ ግድግዳ አልበገር ስላለ፣ ወታደሮች በጀልባ ገብተው ያዙትና በዚያው ባሩድ አፈነዱት። ለ200 ዓመት ያህል ፍርስራሽ ሆኖ ኖረ። በ1911 የማክሬ ጎሳ ሰው የሆነ መኮንን ደሴቱን ገዛ፤ ኋላም ግንቡን እንደገና ገነባው፤ ሥራው በ1932 አለቀ። ሕዝብ የመካከለኛው ዘመን ግንብ እያለ ፎቶ የሚያነሳው እንግዲህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን ነው። ይህን የምለው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። የጎሳውን ቅርስ ከፍርስራሽ ያነሳን ሰው እጅግ አከብራለሁ። ሆኖም እውነቱን ይበልጥ የሚናገረው ያልታደሰው ነው።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ አደራ፣ ዝናብ ነው ብላችሁ ከመኪና አትቅሩ። ኧርከርት ላይ ውረዱ። ያ የወደቀ ግድግዳ ዛሬም ከበሩ አጠገብ አለ።