ስለ ስፍርና ሚዛን

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ። ላልተገኙ አባላት እዚህ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ የጣሳ ነገር ነው። ነገር ግን በዚሁ ጣሳ የተነሳ ጎረቤትና ጎረቤት እስከ መኮራረፍ ስለ ደረሰ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ለቅሶ ለዳቦ የሚሆን አንድ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከየቤቱ እንዲዋጣ ተባለ። ገሚሱ ከሱቅ አስመዝኖ አመጣ። ገሚሱ ደግሞ ካለው ላይ በግማሽ ሊትር ጣሳ ሁለት ሰፍሮ፣ «ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ነው» ብሎ አመጣ። ሲመዘን ግን ከግማሽ ኪሎ ትንሽ አለፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የተባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አንደግመውም። የሰረቀ ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ሊትር ሲሰፈር ልክ አንድ ኪሎ የሚመዝነው ውሃ ነው። ሌላው እንደየጠባዩ ነው። ዱቄት በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ቦታ ይሞላል እንጂ አይከብድም። ስለዚህ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ ሳይጠቀጠቅ፣ በዚያችው ጣሳ ከሦስት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ስኳር ሁለት ጣሳ ከሲሶ ገደማ ነው፤ ምስር ክክ ሁለት ተኩል ያህል። ዘይትም ቢሆን ሊትሩ 920 ግራም ገደማ እንጂ ኪሎ አይሞላም።

ጨው ግን ተቃራኒ ነው። ሁለት ጣሳ ደቃቅ ጨው 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ይመዝናል። ኪሎ ነው ተብሎ ትልቁ ድስት ውስጥ ቢገባ ወጡን ማን ይበላዋል? በርበሬና ሽሮ እንደ አፈጫጨታቸው ስለሚለያዩ በየጊዜው ይመዘኑ።

አሰፋፈሩም ልዩነት ያመጣል። ዱቄት በማንኪያ እየተጨመረ፣ ጣሳው ሳይነቀነቅ፣ አፉ በቢላ ጀርባ ይጠረግ። ጣሳውን ሁለቴ መታ መታ ካደረጋችሁት ዱቄቱ ይወርድና ሌላ ይቀበላል፤ የተቆለለውማ ሌላ ነገር ነው። የቤታችሁን ጣሳ ልክ ለማወቅ በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሙሉ ውሃ ገልብጡበት። እናቶቻችን በእጃቸው መጥነው ድግስ የሚያወጡ ናቸው፤ እነሱን ልናስተምር አልተነሳንም። የምንናገረው ስለ መዋጮና ስለ ብድር ነው።

ኮሚቴው የወሰነው ይህን ነው። ከእንግዲህ መዋጮ በሚዛን ይጠየቃል፣ በሚዛንም እንረከባለን። ባለፈው የጎደለባቸው ቤቶች ቀሪውን አምጡ አይባሉም፤ ስማቸውም በዚህ ነገር እንዳይነሳ እንጠይቃለን። ለወጥ ቤት ሥራ አንድ የግማሽ ሊትር ጣሳ ዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ የየዕቃው ልክ በካርቶን ተጽፎ ከበላዩ ተሰቅሏል። ጣሳውን ለውሃ መቅጃ የምትወስዱ ልጆች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እባካችሁ ተዉልን።