ፍልውኃን መጎብኘት፦ እንግዳው የሚያየውና የማያየው



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሳይመስል አይቀርም። ሰው በዕረፍት ቀኑ ወደ ፍልውኃ ሄዶ መታጠቡ ምን የሚያመራምር ነገር አለው? ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ሶደሬ፣ ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ አምቦ ይወርዳል፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ አረጋውያን የሚያማቸውን ጕልበት ያሞቃሉ፤ ምሳ ይበላል፤ ሲመሽ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ይሁን እንጂ የፍልውኃ ጕብኝት ከሌሎች ጕብኝቶች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ሐውልት ሊያይ የመጣ ሰው አይቶ ሲመለስ ድንጋዩ ባለበት ይቀራል። በፍልውኃ ዘንድ ግን የሚጎበኘው ነገር ራሱ ይፈስሳል፤ እየተጠቀምንበት ያልፋል። በየቀኑ የሚተካው ደግሞ ዓይን ከማያየው ከከርሰ ምድር ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምሻው ሐሳብ አንድ ነው። የፍልውኃ መዝናኛ ዕድሜ የሚወሰነው በመዋኛው ስፋት ወይም በሆቴሉ ውበት ሳይሆን ከመሬት በታች ባለው የውኃ ግፊት ነው። ይህን ግፊት ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ፣ ሆቴሉና የኤሌክትሪክ ማመንጫው በጋራ ይካፈሉታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ መዝገብ ካልተቆጠሩና ካልተለኩ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሊያደርቅ ይችላል።

በቅድሚያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። አብዛኛው ፍልውኃ ጥንት የዘነበ የዝናብ ውኃ ነው። በአለት ስንጥቆች ወደ ጥልቁ ይሰርጋል። በአብዛኛው የምድራችን ክፍል አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ታች በተወረደ ቍጥር ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምራል። እንደ ስምጥ ሸለቋችን ባሉ ስፍራዎች ግን የምድር ቅርፊት ስለሳሳና የቀለጠ አለት ወደ ላይ ስለቀረበ ጭማሪው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የሞቀ ውኃ ይቀልላል፤ ከዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ውኃ በክብደቱ ይገፋዋል፤ በስንጥቅም በኩል ወደ ገጸ ምድር ይወጣል። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር አለ። የሙቀቱ ምንጭ በሰው ዕድሜ ሲለካ የማያልቅ ያህል ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ግፊት ግን ውስን ነው፤ በጥቂቱ ሲቀንስ እንኳ ምንጩ ሊደርቅ ይችላል። ሙቀቱ ከሥር እንዳለ ሆኖ መታጠቢያው ባዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አገራችን የፍልውኃን ጕብኝት ታሪክ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ዋና ከተማችን ከዚህ ጕብኝት የተወለደች ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ሲኖሩ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ወደሚሉት ሜዳ እየወረዱ በፍልውኃው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠይቀው ተፈቀደላቸው፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱና ሠራዊቱ እየተከተሉ ሠፈሩ፤ የመታጠቢያው ሠፈር ከተማ ሆነ። ዛሬ በዚያው አካባቢ የፍልውኃ መታጠቢያ ቤቶች አገልግሎት ይሰጣሉ፤ የሂልተን ሆቴል መዋኛም ከከርሰ ምድር በሚወጣ ሙቅ ውኃ ይሞላል። በሳንቲም ቆጥሮ ለአንድ ሰዓት የሚታጠበው ሠራተኛና ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ አይተዋወቁም፤ ሁለቱም የሚሞቁት ግን ከአንድ ከተማ ሥር በሚወጣ ውኃ ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ በሌላኛው የምድር ጫፍ ተቃራኒ ታሪክ ተፈጸመ። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት፣ በሮቶሩዋ አካባቢ፣ ሙቅ ውኃ የፈጠራቸው ሮዝና ነጭ የድንጋይ እርከኖች ነበሩ። ከአውሮፓ ሳይቀር ብዙ ሰዎች በመርከብ ተጉዘው ሊያዩአቸውና ሊታጠቡባቸው ይመጡ ነበር፤ መሪዎቹም የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ነበሩ። በሰኔ ወር የታራዌራ ተራራ ፈነዳ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እርከኖቹም ለጎብኚ ጠፉ። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። እኔ ትኵረታችሁን የምጠይቅበት ግን ከዚያ በኋላ በዚያችው አገር የሰው እጅ ያደረገው ነው።

ከሮቶሩዋ በስተ ደቡብ ዋይራኬ በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1958 በእንፋሎት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በአጠገቡ ውኃን በየጊዜው ወደ ላይ የሚረጩ፣ ጋይዘር የሚባሉ ምንጮች የሞሉበትና ጎብኚዎች የሚጎርፉበት ሸለቆ ነበር። ጉድጓዶቹ ከጥልቁ ውኃና እንፋሎት ሲያወጡ ግፊቱ ወረደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሸለቆው ጋይዘሮች አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከመስኩ በከፊሉ መሬቱ ራሱ ከ10 ሜትር በላይ ሰመጠ። ኤሌክትሪክ ተገኘ፤ ጎብኚ የሚመጣበት ነገር ግን ጠፋ።

በሮቶሩዋ ከተማም ተመሳሳይ አደጋ መጣ፤ ነገር ግን የተሰጠው መልስ ሌላ ነበር። ነዋሪዎችና ሆቴሎች ቤታቸውን ለማሞቅና መዋኛቸውን ለመሙላት በመቶ የሚቈጠሩ ጉድጓዶች ቆፍረው ነበር። አንድ ጉድጓድ ብቻውን ሲታይ የሚወስደው ጥቂት ነው። በድምሩ ግን ፖሁቱ የተባለውንና ጎብኚዎች የሚወዱትን ታላቅ ጋይዘር የሚያሰጋ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኒውዚላንድ መንግሥት ከፖሁቱ በ1.5 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ ጉድጓዶች እንዲዘጉ ወሰነ። ውሳኔው ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ ዘመናቸውን ሁሉ በነጻ የሞቀ ቤት ለኖሩ ሰዎች ቀላል አልነበረም። ከተዘጉ በኋላ ግን የከርሰ ምድሩ ግፊት ከፍ አለ፤ ደክመው የነበሩ ምንጮችም ማገገም ጀመሩ። ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱት ግን ጕዳቱ በጊዜ ከታወቀ ሊታረም እንደሚችል ያስረዳሉ።

ከዚህ ተነሥተን ኃይል ማመንጫና መዝናኛ ሁልጊዜ ጠላቶች ናቸው ብንል ግን እንሳሳታለን። በአይስላንድ ያለውን ሰማያዊ ሐይቅ፣ ብሉ ላጉን የሚባለውን፣ ተመልከቱ። በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ በዕረፍት ጊዜው የሚጎበኘው ይህ ስፍራ የተፈጥሮ ምንጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ የጀመረው የስቫርትሴንጊ ማመንጫ ሙቀቱን ከወሰደ በኋላ የሚጥለው ውኃ ነው። አብዛኛው ከባሕር የሰረገ ስለሆነ ጨዋማ ነው፤ ሲሊካም ሞልቶበታል። ወደ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ ሲለቀቅ ይሰርጋል ተብሎ ነበር፤ ሲሊካው ግን ቀዳዳዎቹን ደፈናቸውና ውኃው ተኝቶ ቀረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሶሪያሲስ በሚባል የቈዳ ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ይታጠቡበት ጀመር፤ ቆይቶም ለሕዝብ መታጠቢያ ተሠራ። ኬንያም በናይቫሻ አቅራቢያ በኦልካሪያ ይህንኑ መንገድ ተከትላለች፤ ከማመንጫው የሚወጣው ሙቅ ውኃ መዋኛ ይሞላል።

በዚህ ምሳሌ ጎብኚው የሚታጠበው ማመንጫው ተጠቅሞ በተረፈው ውኃ ስለሆነ ፉክክር የለም። ይሁን እንጂ ያ ስፍራም ከምድር ሕግ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ጎረቤቷ የግሪንዳቪክ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ነዋሪዎቿን አስወጣች፤ ከታኅሣሥ ጀምሮም እሳተ ገሞራ በተደጋጋሚ ፈነዳ፤ መታጠቢያውም ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ተከፈተ። ውኃውን የሚያሞቀው እሳት መታጠቢያውን የሚዘጋውም እርሱ ነው።

አሁን ስለ ጎብኚው ራሱ ጥቂት ልበል፤ የማይታየው ነገር ግፊት ብቻ አይደለምና። በአገራችን ወደ ፍልውኃ የሚሄደው ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለመዝናናት፣ ሌላው ለመዳን ይሄዳል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስንቁን ይዞ ቀናትን በቈጠራ ይሰነብታል። በሙቅ ውኃ መነከር የደነደነ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሣል። ይህ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አልኮል የጠጣ ሰው ሊጠነቀቁ ይገባል። በሞቃት ያልታከመ ውኃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ ኔግሌሪያ የሚባል አሜባ ሊኖር ይችላል፤ ሕመሙ እጅግ ብርቅ ቢሆንም ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ ገዳይ ነው። ራስን ከውኃ በላይ ማድረግ ዋጋ የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው። ሦስተኛው የእኛን ስምጥ ሸለቆ በተለይ ይመለከታል። የአካባቢው ሙቅ ውኃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሙቅ ምንጮች ከዚህ በብዙ ያልፋሉ። ጥርስን የሚያበልዘውና አጥንትን የሚያደነድነው ሕመም በወንጂና በአካባቢው የታወቀ ነው። ለመታጠብ የሚበጅ ሁሉ ለመጠጣት አይበጅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ዕረፍቱን የሚያሳልፍ ሰው ቀና ሲል የአሉቶን ተራራ ያያል። በዚያ ተራራ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት አሳይተዋል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም እ.ኤ.አ. ሰባት ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሏል። ሌሎች የስምጥ ሸለቆ መስኮችም ለኃይል ይታሰባሉ። ኃይሉ ያስፈልገናል፤ ዝናብ ሲያጥር የግድቦቻችንን ጕድለት ሊሞላ ይችላል። መዝናኛውም ያስፈልገናል፤ በየአካባቢው እንጀራ ነው። ጥያቄው ከሁለቱ የትኛውን እንምረጥ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ሲነካ በምን እናውቃለን የሚል ነው።

ለዚህ ሦስት ነገር ይበቃል ባልልም ያለ ሦስቱ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ ዓመታት አስቀድሞ የየምንጩ ሙቀት፣ ፍሰትና የማዕድን ይዘት ሊመዘገብ ይገባል፤ ያልተመዘገበ ምንጭ ሲደርቅ ማንም ተጠያቂ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ የተወሰደለት ውኃ በተቻለ መጠን ወደ ከርሰ ምድር መመለስ አለበት፤ ግፊቱን የሚጠብቀው ይህ ነው። ሦስተኛ፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ አንድ ይሁን፤ በመዝገቡም ከሆቴሉና ከማመንጫው ጋር ገንዘብ ሳይከፍል በምንጩ የሚታጠበው ገበሬና ሕመምተኛ ይቈጠር። ምንጭ በአጥር ሲከበብ መጀመሪያ ውጭ የሚቀረው ስሙ በየትኛውም ውል ያልተጻፈው ሰው ነውና። በሮቶሩዋ የዋካሬዋሬዋ ማኦሪዎች እስካሁን በመንደራቸው ይኖራሉ፤ በሙቅ ውኃቸው ያበስላሉ፣ ይታጠባሉ፤ እንግዳውንም እነርሱው እየመሩ ያስጎበኛሉ። ነባር ተጠቃሚና ጎብኚ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ለተማሪዎቻችን የምተወው ሥራ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ዕረፍታችሁ ከእናንተ አንዳንዱ ወደ ዋንዛዬ፣ አንዳንዱ ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ ሶደሬ መሄዱ አይቀርም። ስትሄዱ አንድ ቴርሞሜትር፣ መጠኑ የታወቀ አንድ ባልዲና አንድ ሰዓት ያዙ። ውኃው ከመዋኛው ሳይገባ ምንጩ ላይ ሙቀቱን ለኩ፤ ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቍጠሩ፤ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉና ለትምህርት ክፍላችሁ አስረክቡ። በየዓመቱ በዚያው ወር ሌላው ተማሪ ይድገመው። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ፋኩልቲ ምንጩ እንደነበረ መሆኑን ወይም መድከሙን በቍጥር መናገር ይችላል። ያን ጊዜ ከሚቆፍረውም፣ ከሚያጥረውም፣ ከሚታጠበውም ጋር በእኩል መነጋገር እንችላለን። ከታጠባችሁ በኋላ ደግሞ ዕረፉ፤ የሄዳችሁት ለዚያ ነውና።