የዕለትን ውሎ ጽፎ ልብን ስለ መመርመር

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል በቍጥር የሚገኝ በዓል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ታዘዘ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው 49 ዓመት ሲፈጸም 50ኛውን ዓመት ይቀድሱ ነበር። በዚያም ዓመት ባሪያው ነጻ ይወጣል፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ ዓመቱን የሚቈጥር ሰው ባይኖር ኖሮ በዓሉ ሲደርስ የሚያውቀው ባልተገኘ፥ ባሪያውም ነጻ የሚወጣበት ቀን አልፎት በባርነት በቀረ ነበር። የደብር ዕድሜ እንዲህ በቍጥር ከታወቀ፥ በደብሩ ጥላ ሥር የሚኖረውን የአንዱን ሰው ዕድሜ ማን ይቈጥርለታል? ዓመቱን ዘመድ ይቈጥርለት ይሆናል፤ ቀኑን ግን ከራሱ በቀር የሚቈጥርለት የለም። የዛሬው ቃል ስለዚህ ነገር ነው። ይኸውም ሰው ማታ ማታ ከመተኛቱ አስቀድሞ የዋለበትን ቀን በጥቂት መስመር ጽፎ፥ በጻፈውም ልቡን ይመረምር ዘንድ ስለሚገባው ልማድ ነው።

የዚህ ልማድ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በንስሐ አባትና በንስሐ ልጅ መካከል ነው። ብዙ ምእመን ጾም ሲገባ ወደ ንስሐ አባቱ ይመጣና፥ በማወቅም ባለማወቅም በድያለሁ፥ አባቴ ይፍቱኝ ይላል። አባትየውም፥ ልጄ ምን አድርገህ ነው? ብለው ቢጠይቁት መልስ ያጣል። መልስ ያጣው ሊሰውር ወድዶ አይደለም፤ ረስቶት ነው። በጥቅምት በቍጣ የተናገረው ቃል እስከ የካቲት በልቡ አይቈይም። ቃሉን የሰማው ጎረቤት ግን አልረሳውም፤ ቂሙን ይዞ በዚያው ቅጽር ውስጥ ያስቀድሳል። ሁለቱ በአንድ ደጅ ገብተው በአንድ ደጅ ይወጣሉ፤ አንዱ የበደለውን አያውቅም፥ ሁለተኛውም ይቅርታ የሚጠይቀው አላገኘም። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ያልፋል! ሕመምተኛ ሕመሙ የት እንደ ሆነ ካልተናገረ ባለመድኃኒቱ ምንም ዐዋቂ ቢሆን በግምት ያክመዋል እንጂ አያድነውም። የመርሳት ጒዳቱ ይህ ነው።

አባቶች ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። የመነኮሳት አባት እንጦንስ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው አንድ ምክር፥ ታሪኩን በጻፈው በቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ ይገኛል። ይህም አትናቴዎስ ለኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመላት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነው። የምክሩም ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ መነኵሴ የሠራውን ሥራና በነፍሱ የተነሣውን ሐሳብ ሁሉ፥ ለወንድሙ እንደሚነግር አድርጎ ይጻፈው። ሰው በባልንጀራው ፊት ክፉ ለመሥራት ያፍራል፤ ብቻውን በበዓቱ በተቀመጠ ጊዜ ግን የሚያየው ሰው የለምና ይደፍራል። ስለዚህ ብቻውን ላለው ሰው ጽሕፈቱ በባልንጀራው ዐይን ፈንታ ይሁንለት ማለቱ ነው። ይህ ምክር ከ1600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዳሩ ግን ትናንት የተነገረ ይመስላል።

ደግሞ በ7ኛው መቶ ዓመት በደብረ ሲና ገዳም አበ ምኔት የነበረው ዮሐንስ ዘሰዋስው በእስክንድርያ አጠገብ በነበረ ገዳም ያየውን ጽፏል። የገዳሙ መጋቢ፥ ማዕድ የሚያሰናዳው መነኵሴ፥ በመታጠቂያው ላይ ትንሽ መጽሐፍ አንጠልጥሎ ያገለግል ነበር። ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ የየዕለቱን ሐሳቡን እየጻፈባት ለአበ ምኔቱ የሚያሳያት ሆና ተገኘች። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ከሥራ ዐርፎ በዋሻ የተቀመጠ አልነበረም። ለብዙ ሰው ማዕድ የሚያቀርብ፥ ቀኑን ሙሉ በጭስና በሙቀት መካከል የሚመላለስ ነበር። እንግዲህ ሥራ በዛብኝ፥ ጊዜ አጣሁ የሚል ሰው ይህን መጋቢ ያስታውስ።

ምናልባት አንድ ሊቅ ተነሥቶ፥ የቀደሙት አባቶች ዳዊቱንም ዜማውንም ቅኔውንም በቃል ይዘው ኖረዋል፤ ልቡናቸው ብራና፥ ምላሳቸው ብዕር ነበረ፤ ወረቀት ምን ያደርጋል? ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለምና መልስ ይሻል። የቅኔ ተማሪ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ ደበሎውን ተከናንቦ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ማታም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ይህን በየዕለቱ ያደርጋል። እንግዲህ ቀንን በከንቱ አለማሳለፍ፥ በየማታውም ለሚሰማ ሰው ሒሳብ ማቅረብ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ልማድ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ሲሠራበት የኖረ ነው። በዕለት ጽሕፈት የሚጨመረው ቀለሙ ብቻ ነው።

ቀለሙ ለምን አስፈለገ ቢባል፥ ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ አይደገምምና ነው። በአንድ በዓል ማኅሌት የተቀኘው ድንቅ መወድስ፥ የሰማው ሰው በልቡ ካልያዘው ወይም ካልጻፈው፥ ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ደቀ መዛሙርት በፈጀ ጊዜ፥ ከእነዚያ ሰዎች ጋራ በቃል ብቻ ተይዞ የነበረ ዕውቀት አብሮ ተቀበረ። ቃል ሕያው የሚሆነው ሰው ሕያው ሲሆን ነው። የሰው ዕድሜ ግን በማን እጅ እንዳለ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የቃል ትምህርትና ጽሕፈት እንደ ሁለት ዐይን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይነቅፍም።

ለጉለሌ ሰው የዚህን ነገር ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያቸው በዚሁ በጉለሌ ነበረ። በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ በእንጦጦ ራጉኤልም የነበሩ ሰው ናቸው። ኋላም እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደርሰዋል። የሹመቱ ብዛት ብዕራቸውን አላስጣላቸውም። በ1915 ዓ.ም. በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ ይሆን ዘንድ የብዙ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ አሳተሙ። በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ፤ ይህንንም ባያደርጉ ኖሮ ከዚያ ቅኔ ብዙው ዛሬ በጠፋ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋራ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ የሄዱበትን መንገድ «ደስታና ክብር» ብለው፥ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የሄዱበትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። በመንገድ ላይ ያየውን በየዕለቱ የማይመዘግብ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ ይቸግረዋል። በመስከረም 1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ መጻሕፍታቸው ግን ለትውልድ ቀሩ። ከእነዚህም አንዱን «ወዳጄ ልቤ» ብለው መሰየማቸው ሊስተዋል ይገባል። ልብን ወዳጅ ብሎ የሚጠራ ሰው ከልቡ ጋራ ይነጋገራል፤ ማታ ማታ የሚጽፍም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሌሎችም ታላላቅ ሰዎች በእርጅናቸው ዘመን ያለፈውን አስታውሰው ጽፈዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1969 ዓ.ም. ዐርፈው የሕይወት ታሪካቸው ከዚያ በኋላ ታተመ፤ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለውን መጽሐፍ ትተዋል። የዚህ መጽሐፍ ስም ራሱ ምስክር ነው፤ ሰው ያየው ብዙ ነው፥ የሚያስታውሰው ግን ከዚያ ተከፍሎ ነው። የዕለት ጽሕፈት ያየውን ከሚያስታውሰው ጋራ ያቀራርባል።

እንግዲህ ልማዱ እንዴት ይጀመራል ለሚል ሰው መንገዱ ይህ ነው።

አንደኛ፥ ጊዜውን መወሰን ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከማታ ጸሎት በኋላ ከመኝታ በፊት ነው። ልማድ በሌላ ልማድ ላይ ሲታሰር ይጸናል፤ ሐረግ በዛፍ ላይ እንደሚወጣ፥ ጽሕፈቱም በጸሎቱ ላይ ተደግፎ ይቆማል።

ሁለተኛ፥ መጠኑን ማሳነስ ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አይቈጥርም። እንደዚሁ ጀማሪ በየማታው ሁለት መስመር ይበቃዋል። በአንድ ሌሊት አራት ገጽ ጽፎ ከዚያ ወር ሙሉ ከሚተው ሰው ይልቅ፥ ሁለት መስመር በየዕለቱ የሚጽፍ ይበልጣል። ለመጀመሪያውም ጾመ ፍልሰታ መልካም ጊዜ ነው፤ 15 ቀን ብቻ ነውና አይከብድም፥ ሰውም በዚያን ጊዜ ልቡን ሰብስቦ ይገኛል። በ15 ቀን የተያዘውን በጾመ ነቢያትና በዐቢይ ጾም ማጽናት ይቻላል።

ሦስተኛ፥ የአጻጻፉ ሥርዓት ነው። ቀኑንና በዕለቱ በስንክሳር የሚታሰበውን ቅዱስ ከጻፈ በኋላ፥ ቀጥሎ የሆነውን ነገር እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ከዚያም ነገሩ በልቡ ምን እንዳደረገ ይጻፍ። የሆነው ነገር ሰሙ ነው፥ የልቡ ነገር ወርቁ ነው። «ዛሬ ከወንድሜ ጋራ ስለ አጥር ተጣላሁ» የሚለው ሰም ነው፤ «የተጣላሁት ስለ አጥሩ አይደለም፥ ከእኔ ይልቅ መከበሩ አስቀንቶኝ ነው» የሚለው ወርቅ ነው። ሰም ከሌለ ወርቁ የሚፈስስበት አያገኝም፤ በሰሙ ብቻ የቀረ ሰው ደግሞ የገበያ መዝገብ ጻፈ እንጂ ልቡን አልመረመረም።

አራተኛ፥ የሰው ገመና አለመጻፍ ነው። መጽሐፉ የራስ በደል የሚታይበት መስተዋት ነውና፥ የጎረቤት በደል ከበዛበት የቂም መዝገብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጽሕፈት ከመርሳት ይከፋል፤ ሊበርድ የነበረውን ቍጣ በቀለም ያጸናዋልና። ደግሞም በጎ ሥራን ብቻ የሚጽፍ ሰው እንደዚያ ፈሪሳዊ በወረቀት ላይ ቆሞ ይመጻደቃል። ምስጋናን ግን መጻፍ ይገባል፤ የተደረገለትን የማያስታውስ ሰው ሁልጊዜ የጎደለበት ይመስለዋል።

አምስተኛ፥ ተመልሶ ማንበብ ነው። ኢትዮጵያ ከ12ቱ ወሮች በኋላ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ሳለች፥ ለዚህ የሚሆን ጊዜ አይታጣም። በእነዚያ ቀኖች ያለፈውን ዓመት ከመስከረም እስከ ነሐሴ የሚያነብብ ሰው፥ አንድ በደል አሥር ጊዜ ተመላልሶ ሲመጣ ያያል፤ ሥሩንም ያገኘዋል። ያን ጊዜ ወደ ንስሐ አባቱ ሲሄድ የሚለው አያጣም።

ይህም ሲሆን ጽሕፈቱ በንስሐ ቦታ አይገባም። ወረቀት ይሰማል፥ አይፈታም። ሥልጣነ ክህነት ያላቸው አባት የሚሰጡትን ፍታት ደብተር አይሰጥም። ጽሕፈት ወደ አባት የሚያደርስ መንገድ ነው፤ በመንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ቤት ገባ አይባልም። ስለዚህ ያገኘውን ወደ አባቱ ይውሰደው፤ የበደለው ሰው ካለም ፀሐይ ሳይገባ ሄዶ ይታረቀው። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም ከዚህ በረከት አይከለከሉም። እመቤታችን ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ መስክሯል። ማታ በምድጃ ዳር ተቀምጠው የቀኑን ነገር ለልጅ ልጅ ቢነግሩ፥ ልጁም ቢጽፈው፥ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ አያት ልባቸውን ይመረምራሉ፥ ልጁም ታሪክ ይማራል።

በመጨረሻም ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የቀደሙት አድባራት በወርቅ ወንጌላቸው ባዶ ገጾች ላይ የርስቱን ስጦታ፥ የምስክሩን ስም እየጻፉ ባያቈዩ ኖሮ የአገር ታሪክ ግማሹ በጨለማ በቀረ ነበር። የደብር ታሪክ የሚሰበሰበው ከምእመናኑ ታሪክ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ በዚህ ደብር ሌላ ኢዮቤልዩ ሲከበር፥ ዛሬ እዚህ የቆሙት አብዛኞቹ አይኖሩም። የዚያን ጊዜ ልጆች፥ አባቶቻችን በምን ተፈተኑ? በምን ተጽናኑ? ማንን ይቅር አሉ? ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን የሚያገኙት ዛሬ ማታ አንድ ሰው ከጸሎቱ በኋላ መብራቱን ሳያጠፋ ሁለት መስመር ጽፎ ያኖረ እንደ ሆነ ነው።

ዘመንን በቍጥር የሚሰጥ እግዚአብሔር፥ የተሰጠውን ቀን ዐውቆ የሚያመሰግን፥ በደሉንም ዐውቆ የሚመለስ ልቡና ለሁሉ ያድል። ደብሩን ይጠብቅ፥ ካህናቱንና ምእመናኑን ይባርክ፤ ለዓለመ ዓለም፥ አሜን።