ያልተለካው ውኃ፦ ስለ አንድ የልብ ወለድ ሐሳብ ለባልደረቦች የቀረበ ንግግር



በዚህ መድረክ ላይ የሚቀርቡት ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተጠናቀቀ ሥራ ናቸው። ስለ ተሠራው መንገድ፣ ስለ ተገደበው ወንዝ፣ ስለ ተፈተነው ሲሚንቶ ይነገራል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ግን ገና ስላልተሠራ ነገር ነው። አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ለመጻፍ አስቤአለሁ፤ ሐሳቡም ከንድፍ አላለፈም። ንድፍ ደግሞ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት በሌላ ሰው ዓይን መመርመር እንዳለበት የሙያችን ሥርዓት ነውና፣ ይኸው ሥርዓት ለድርሰትም እንዲሠራልኝ እለምናችኋለሁ። የምፈልገው ምስጋና ሳይሆን ምርመራ ነው።

«ይህን ለደራስያን ማቅረብ አይሻልም ነበርን?» የሚል ሊኖር ይችላል። የአማርኛ ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ ከታተመ ወዲህ ብዙ ዓይነት ሰው አሳይቶናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ባላባቱን፣ የቤተ ክህነቱን ሰውና ገበሬውን በቅርብ አስተዋውቀውናል። በዓሉ ግርማ ደግሞ በ«ከአድማስ ባሻገር» የከተማውን የቢሮ ሠራተኛ፣ በ«ኦሮማይ» ጋዜጠኛውን ገልጦልናል። የመለኪያ መሣሪያና የስሌት ደብተር ይዞ የሚውለው ሰው ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ ሲያልፍ እንጂ ሲሠራ እምብዛም አላየሁትም። ሲሠራ ላሳየው ብነሣ፣ ሥራውን በሐሰት እንዳልስል ሊጠብቀኝ የሚችለው ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ ነው። ወደ እናንተ የመጣሁትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በወንዞቻችን ዳር፣ ድልድይ ወይም ግድብ ሊታሰብ በሚችልበት ስፍራ፣ ሴንቲሜትር የተሰመረበት መለኪያ ይቆማል። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው ጠዋትና ማታ ወደ ወንዙ እየወረደ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር በደብተር ይጽፋል። ለድካሙ የሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ ነው። ደብተሩ ወደ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ከፍታው ወደ ፍሰት መጠን ይለወጣል፤ ከየዓመቱ ትልቁ ፍሰት ተመርጦ ይደረደራል፤ ከዚያም ድልድዩ ሊያሳልፈው የሚገባው ጎርፍ ይሰላል። እንግዲህ የብዙ ቶን ብረትና ድንጋይ ዕጣ የሚወሰነው አንድ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ወንዝ በመውረዱ ወይም ባለመውረዱ ነው ማለት ነው። ነገሩ ጥንታዊም ነው። በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ861 የቆመው የዓባይ መለኪያ ዓምድ ከአገራችን ደጋ የወረደውን የክረምት ውኃ በክንድ ይለካ ነበር፤ የግብፅ ገበሬ የሚከፍለው ግብርም ከዚያው ቁጥር ጋር የተያያዘ ነበር።

የልብ ወለዱ ሁለት ዋና ሰዎች አንድ ወጣት መሐንዲስና አንድ ሽማግሌ የውኃ ልክ አንባቢ ናቸው። ለጊዜው ስም አላወጣሁላቸውም። መሐንዲሱ ከ12 ዓመት በፊት የተሠራ አንድ ድልድይ የበለጠ ከባድ መኪና ይሸከም እንደ ሆነ እንዲያጣራ ይታዘዛል። የድሮዎቹን ደብተሮች ሲመረምር በአንድ ክረምት ውስጥ 23 ቀን የማይታመን ሆኖ ያገኘዋል። በላይኛው ተፋሰስ የዝናብ መለኪያው ከባድ ዝናብ መዝግቦ ሳለ፣ የወንዙ ቁጥር ግን በየቀኑ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር እየቀነሰ ይሄዳል። ወንዝ እንዲህ አይጎድልም። ቁጥሮቹ ወንዝ ዳር ሳይሆን ቤት ውስጥ የተጻፉ ናቸው።

መሐንዲሱ ወደ ስፍራው ይወርዳል። አንባቢው አሁን በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ድልድዩ እንዲሠራ አቤቱታ ሲጽፉ፣ ሰው ሲያስተባብሩ የኖሩት እርሳቸው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውም በየቀኑ በድልድዩ ተሻግራ ትማራለች። ቀስ በቀስ ታሪኩ ይገለጣል። በዚያ ክረምት ሚስታቸው ምጥ ጠንቶባት ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ አሻግረዋታል። በማግሥቱ ጎርፍ መጣ። ድልድይ ስላልነበረ 23 ቀን ማዶ ቀሩ። ሲመለሱ፣ ደመወዛቸው እንዳይቋረጥ በመፍራት፣ ባዶዎቹን ገጾች ሞሏቸው።

ታሪኩን የሚያስጨንቀው እዚህ ላይ ነው። ከደብተሩ የጎደለው ቁጥር ሽማግሌውን ማዶ ያስቀረው ያው ጎርፍ ነው፤ በወንዙ ከታዩት ሁሉ ትልቁም እርሱ ነበር። ሐሰቱን የጻፉት ሰው ብቸኛው የዓይን ምስክርም ናቸው። «አባቴ፣ ውኃው የት ደርሶ ነበር?» ቢላቸው፣ «ደብተሩን ተወው ልጄ፤ ና ሾላውን ላሳይህ» ብለው ማዶ ካለው ዛፍ ግንድ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ። መሐንዲሱ ከመለኪያው ዜሮ ተነሥቶ እስከዚያ ምልክት ከፍታውን ሲያሰላ፣ ደብተሩ ከሚያውቀው ትልቁ ውኃ 1 ሜትር ከ80 ይበልጣል።

ከባልደረቦቼ አንዱ ይህን ሲሰማ፣ «ንድፍ አውጪዎቹ የአካባቢውን ሰው ስለ ጎርፍ ምልክት አልጠየቁም?» ሲል ተገቢ ጥያቄ ጠየቀኝ። ጠይቀዋል። የጠየቁት ግን ወንዙን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ የተባሉትን እርሳቸውኑ ነው። እርሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝምታቸው ስለ ደመወዝ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ውኃው የበለጠ ነው ቢሉ ድልድዩ ይረዝማል፣ ወጪው ይበዛል፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ይቀራል ብለው ፈሩ። ሚስታቸውን ይዘው የተሻገሩበትን ወንዝ ሌላ ሰው በደረቅ እግሩ እንዲሻገረው ሲሉ ትንሹን ድልድይ መረጡ።

መሐንዲሱ ስሌቱን በአዲሱ ቁጥር ሲሠራው፣ የመቶ ዓመት ጎርፍ ተብሎ የተያዘው በአማካይ በ25 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ሆኖ ይገኛል። የመቶ ዓመት የሚባለው ጎርፍ በ50 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከ100 ወደ 40 የሚጠጋ መሆኑን ታውቃላችሁ። የ25 ዓመቱ ግን ከ100 ወደ 87 ያህል ይሆናል። ይህን ቢጽፍ ድልድዩ በየክረምቱ ሊዘጋ፣ ሽማግሌውም በስተርጅና ሊዋረዱ ነው። ባይጽፍ ውኃው በምሰሶዎቹ ግርጌ አፈሩን እየቦረቦረ አንድ ሌሊት ሊጥለው ነው። ጎርፍ ቀጠሮ እንደማይሰጥ ከድሬዳዋ ተምረናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

እንግዲህ አስተያየታችሁን የምሻባቸውን አራት ነጥቦች ላቅርብ።

አንደኛ፣ ነገሩ ይታመናልን? የ23 ቀን የሐሰት ቁጥር ለዓመታት ሳይታወቅ መኖሩን በእኛ መሥሪያ ቤቶች አሠራር አይታችሁ፣ «ይህስ ሊሆን አይችልም» የምትሉ ካላችሁ ምክንያቱን ንገሩኝ። የተቆጣጣሪ ጉብኝት፣ ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ማነጻጸር፣ ሌላም ማጣሪያ ቢኖር የት ላይ ሊያመልጥ እንደሚችል ማወቅ እሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስሌቱ ምን ያህል ይግባ? ከላይ የጠቀስኩትን የ40 እና የ87 ነገር ያለ ሒሳብ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ቢወጣ ግን የመሐንዲሱ ጭንቀት ባዶ ቃል ይሆናል። ኢቮ አንድሪች እ.ኤ.አ. በ1945 በታተመው መጽሐፉ በድሪና ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ራሱን እንደ ዋና ሰው አድርጎ የብዙ ትውልድ ታሪክ አስሮበታል። አንባቢ ለድንጋይ ከተጨነቀ ለቁጥርም ሊጨነቅ ይችላል የሚል ተስፋ አለኝ። ተስፋዬ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ፍረዱ።

ሦስተኛ፣ ወንዙ ስም ይኑረውን? በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያወጣ አንባቢዎች እውነተኛ ሰዎችን በገጾቹ ውስጥ አውቀዋቸዋል፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። የእኔ ስጋት ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን የታወቀ ወንዝ ብጠቅስ፣ አንባቢ ድልድዩን ፈልጎ በዳሩ የሚኖረውን ንጹሕ ሰው ይጠረጥርብኛል። ስም ባልሰጠው ደግሞ ውኃው የየትም ያልሆነ ውኃ እንዳይሆን እፈራለሁ።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደኝ ፍጻሜው ነው። ረቂቄን የሰሙ ብዙዎች ጎርፉ በመጨረሻው ምዕራፍ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ለታሪክ የሚያምር ይመስላል። በበኩሌ ግን ጎርፉ እንዳይመጣ አዘነብላለሁ። ጎርፉ ከመጣ መሐንዲሱን እውነተኛ የሚያደርገው አደጋው ይሆናል። በእውነተኛው ሕይወታችን ግን ከ100 87 ብለን አስጠንቅቀን ምንም ሳይደርስ ጡረታ የምንወጣ፣ «በከንቱ ያስፈራራን ሰው» ተብለን የምንሸኝ ብዙዎች ነን። ሥራው ትክክል የነበረው ግን ቁጥሩ በተጻፈበት ዕለት ነው። ይህን የሚያሳይ ፍጻሜ አንባቢን ያረካዋልን? ወይስ መጽሐፉን ሲዘጋ የተታለለ ይመስለዋል? ስለ ሽማግሌውም እንዲሁ እጠይቃለሁ። እውነቱን በአደባባይ የሚናገሩት እርሳቸው ይሁኑ? ወይስ መሐንዲሱ ስማቸውን ሳይጠቅስ «በአካባቢው ነዋሪ የተመለከተ የጎርፍ ምልክት» ብሎ ይጻፍላቸው? ሁለተኛው ምሕረት ነው፤ በሪፖርት ላይ ምሕረት ማድረግ የተፈቀደ መሆኑን ግን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ።

አስተያየታችሁን ዛሬ በቃል፣ ከዚህ በኋላም በጽሑፍ በማኅበሩ በኩል ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ወንዝ ዳር የሠራችሁ አንጋፋ ባልደረቦች፣ ደብተሩን ይዘው ስለሚመጡት ሰዎች የምታውቁትን እንድትነግሩኝ አደራ እላለሁ። ስማቸው በሪፖርታችን ላይ አይሰፍርም፤ ድልድዮቻችን ግን የቆሙት በእነርሱ የማለዳ ጉዞ ላይ ነው።