ማኅተሙ በማን እጅ ነው?



በሀብሩ ወረዳ፣ በግራና፣ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ከሌለው ተቀባይ እንደማያገኝ ማንም ገበሬ ያውቃል። በየመሥሪያ ቤታችን የምንጻጻፍበት ኢሜይል ግን በተፈጥሮው ማኅተም የሌለው ወረቀት ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመላላኪያ ደንብ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚለውን ላኪ ማንነት የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውምና ማንም በሌላው ስም ሊጽፍ ይችላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአገራችን ስም የተፈጸመ አንድ ወንጀል ያስረዳናል። የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ በክሱ እንደዘረዘረው፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) አጭበርባሪዎች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክን ባለሥልጣኖች ፊርማ አስመስለው ለሲቲባንክ ሰነድ ላኩ፤ ቀጥሎም በፋክስ በደረሱ ሃያ አራት ያህል ትእዛዞች 27 ሚሊዮን ዶላር ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላለፈ። ባንኩ ለማጣራት ስልክ ደውሎ ነበር። ይሁን እንጂ የደወለባቸው ቁጥሮች በዚያው በሐሰተኛው ሰነድ የተጻፉ፣ በአጭበርባሪዎቹ እጅ ያሉ ነበሩ። መሣሪያው ፋክስ ቢሆንም ትምህርቱ ለኢሜይልም ያው ነው፤ የመልእክት እውነተኛነት የሚጠየቀው ከመልእክቱ ከራሱ ሳይሆን ባለቤቱ ብቻ ከሚጽፍበት መዝገብ ነው።

ይህ መዝገብ የመሥሪያ ቤታችን የኢንተርኔት ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የሚገኝበት ዲ.ኤን.ኤስ. ነው። በርሱ ላይ ሦስት ነገሮች ይሰፍራሉ። ኤስ.ፒ.ኤፍ. በስማችን እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ኮምፒዩተሮች ይዘረዝራል። ዲኪም የማኅተም ያህል ነው፤ ላኪው መልእክቱን በምሥጢር ቁልፍ ይፈርማል፤ ተቀባዩም በመዝገቡ በሰፈረው ይፋ ቁልፍ ፊርማውን ይመረምራል። ዲማርክ ደግሞ አንባቢው በዓይኑ የሚያየው የላኪ ስም ከሁለቱ ባንዱ ከተረጋገጠው ጋር መግጠሙን ይጠይቃል፤ ካልገጠመም መልእክቱ ይለፍ፣ ለብቻው ይቀመጥ ወይም ይመለስ ብሎ የስሙ ባለቤት ያዛል።

«ይለፍ» ብሎ መጀመር ተገቢ ነው፤ የሚደርሱንን ዘገባዎች እያነበብን የረሳናቸውን የራሳችንን ላኪዎች እንለይበታለንና። በዚያው መቅረት ግን ዘበኛ ቀጥሮ ማንንም አትመልስ እንደ ማለት ነው።

እነዚህም ቢሆኑ አንድ ፊደል ለውጦ በሚመሳሰል ስም የሚመጣውን፣ ወይም የይለፍ ቃል ተሰርቆ ከውስጥ የሚጻፈውን አያግዱም። ስለዚህ ገንዘብ የሚያዝ ደብዳቤ ሲደርስ፣ አስቀድሞ በምናውቀው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ምን ጊዜም አይቀርም።

ስማችንን አምኖ የተታለለ ሰው ሲኖር ወንጀሉ የአታላዩ ነው፤ ማኅተሙን በጠረጴዛ ላይ ጥለን የሄድን እኛ ግን ከኃላፊነት አንድንም።