ወደ ጉድጓድ የወረደው ሰው በሰላም ይውጣ
(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ከቀረበ ንግግር)



ንጹሕ ውኃ ለሌለው መንደር ጉድጓድ መቆፈር መልካም ሥራ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ውኃው የወጣ ዕለት እናቶች እልል ሲሉ፣ ልጆች ሲቦርቁ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ዛሬ የምናገረው ግን ከዚያ ቀን በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ይኸውም ዶማና አካፋ ይዞ በገመድ ወደ ጨለማው ስለሚወርደው ሰው ነው።

በሥራ ላይ ሰው ሲሞት ብዙ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ኀዘንተኛውን ለማጽናናት የምንናገረው ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ሥራውን የምናሠራው እኛ በዚህ ቃል ልንሸሸግ አይገባንም። በሙሴ ሕግ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ገብቶ ቢሞትበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዞአል (ዘጸአት 21፥33-34)። አዲስ ቤት የሠራም ሰው እንዳይወድቅበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ተነግሮታል (ዘዳግም 22፥8)። መከታው የሚሠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ለበሬ እንዲህ ከታሰበ፣ ለቆፋሪው ምን ያህል ልናስብ ይገባናል!

እንግዲህ አደጋው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው የአፈር መደርመስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ብዙ ጊዜ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከአፈር በላይ ቢሆንም እንኳ ደረቱ ሊሰፋ ስለማይችል መተንፈስ ያቅተዋል። ዝናብ ሲዘንብ፣ ወይም ቁፋሮው ውኃ ወዳዘለ አፈር ሲደርስ፣ ትናንት ጠንካራ መስሎ የቆመው ግድግዳ ዛሬ ሊናድ ይችላል። ስለዚህ እየቆፈሩ ግድግዳውን በሲሚንቶ ቀለበት ወይም በጠንካራ እንጨት መደገፍ፣ የወጣውንም አፈርና ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። በጤናማ አየር ውስጥ ከመቶ 21 እጅ ያህል ኦክስጅን አለ። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ግን ኦክስጅን ሊያንስ፣ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከታች ሊጠራቀም ይችላል። በተለይ በነዳጅ የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወደ ጉድጓድ አውርዶ ማስነሣት ሰው መግደል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና ሰውየው ሳያውቀው ይጥለዋል። አየሩን ለመፈተን ሻማ ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ሻማ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይም፤ ተቀጣጣይ ጋዝ ካለም እሳት ያስነሣል። አስተማማኙ ነገር ከመውረድ በፊት በጋዝ መለኪያ መመርመር፣ ሰው ከታች እስካለም ድረስ ንጹሕ አየር ማስገባት ነው።

ሦስተኛው አደጋ ከርኅራኄ የሚመጣ ነው። ጓደኛው ከታች ሲወድቅ ያየ ሰው ሳያስብ ተከትሎት ይወርዳል፤ እርሱም ይወድቃል፤ ሌላውም ይከተላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አየር እንደ ልብ በማይገባባቸው እንዲህ ባሉ ጠባብ ቦታዎች ከሚሞቱት መካከል ከመቶ 60 የሚበልጡት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን ገልጾአል። ቆፋሪው ከመውረዱ በፊት መታጠቂያ ቢታጠቅና የደኅንነት ገመዱ ከላይ ቢታሰር ግን፣ ማንም ሳይወርድ ስበው ሊያወጡት ይችላሉ።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያሳውቅ ያዝዛል። እኛ ግን ሕግ ስላዘዘን ብቻ ልናደርገው አይገባም። ቆፋሪው የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ነፍሱ አትቀልም፤ ማታ የሚጠብቁት ልጆች አሉት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የጉድጓድ በጀት ስፈርም የሲሚንቶውን ዋጋ እየመረመርሁ፣ ስለ ቆፋሪው ገመድ ግን አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ያለፍሁበት ጊዜ ነበር። ማንም አልሞተም፤ ነገር ግን ይህ የእኔ ጥንቃቄ ውጤት አልነበረም። ክረምት ሳይገባ ጨርሱ እያልን ስናጣድፍ፣ ቆፋሪውም በሜትር ሲከፈለው፣ ግድግዳውን ለመደገፍ የሚጠፋው ቀን እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። አጣዳፊዎቹ እኛ ሆነን ሳለ ጥንቃቄ የጎደለው ቆፋሪው ነው ማለት ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ የገመዱን፣ የመታጠቂያውን፣ የራስ ቁሩንና የድጋፉን ዋጋ በበጀት ላይ በግልጽ ጻፉ። «ግድግዳው አላማረኝም» ብሎ የወጣውን ቆፋሪ አትቆጡት፤ የቀን ደመወዙንም አትቁረጡበት። ማታ ሥራ ሲቆም ጉድጓዱን ክደኑ።

እናንተም በጸሎታችሁና በገንዘባችሁ የምትደግፉ ምእመናን፣ «ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «የወረዱት ሁሉ በደኅና ወጥተዋል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። ለድጋፉ ሲባል የጉድጓዶቹ ቁጥር በአንድ ቢያንስ አትዘኑብን። ውኃው ለመንደሩ ሕይወት ይሆን ዘንድ የምንቆፍረው ጉድጓድ ለአንዱ ቤት መቃብር እንዳይሆን ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።